ከወረፋው የማይወጣው መልእክት

ቀለምወርቅ ያን ቁልፍ የሠራችበትን ቀን ስትረግም ከረመች።

በ2008ቱ ድርቅ ጅጅጋ ውስጥ ላለ አንድ የእርዳታ ድርጅት የሠራችው ፕሮግራም ሲያወሩት ቀላል ነበር። የየቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ሰው ቢርካው፣ ያ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ ሲነጥፍበት በስልኩ አጭር መልእክት ይልካል። መልእክቱ ወረፋ ይይዛል። ተራው ሲደርስ የስምሪት ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል፣ የስምሪት ኃላፊው ሂርሲ ደግሞ የውሃ ቦቴ ይልካል። አለቀ።

መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሙ መልእክቱን ለሂርሲ እንዳሳየ ራሱ ከወረፋው ይሰርዘው ነበር። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ከአውበሬ ወረዳ የተላኩ ሁለት መልእክቶች ደብዛቸው ጠፋ። ቀለምወርቅም ሳይቃጠል በቅጠል ብላ አሠራሩን ለወጠችው። ከዚያ ወዲያ መልእክት ከወረፋው የሚወጣው ሂርሲ በእጁ «ውሃው ደርሷል» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ብቻ ሆነ። ካልተጫነ በየግማሽ ሰዓቱ እየጮኸ ይመለሳል። ቦቴው መንገድ ላይ ቢቀር፣ ሾፌሩ ቢጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ እንኳ መልእክቱ ወረፋው ላይ አለ። በዚህ ሥራዋ ኮርታ ነበር፤ ኩራቷም አንድ ሳምንት ቆየ።

ሂርሲ መልእክቱ ብቅ ከማለቱ ቁልፉን ይጫናል። ቦቴው ገና ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ሾፌሩ ጫት ሊገዛ ወጥቶ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ውሃው ደርሷል። በጨዋ ደንብ ነገረችው፣ እሺ አላት። ደግማ ነገረችው፣ እሺ አላት። በአማርኛና በሶማልኛ በትልልቁ ጽፋ ኮምፒውተሩ አናት ላይ ለጠፈችለት፣ ጽሑፉን አንብቦ «ጥሩ ነው» አለና ከሥሩ ቁልፉን ተጫነ። የሚከራከር ሰው ይሻላል፣ እሺ ባይ ግን ያናድዳል። ጩኸቱ ሰልችቶት ነው የሚጫነው ብላ ደመደመች። አባቷ ሊሆን የሚችል ሰው ባይሆን ኖሮ ምን እንደምትለው ታውቅ ነበር።

የፈራችው አልቀረም። ከደምበል ወረዳ ማዶ ካለ ቀበሌ ዳሂር የተባለ የኮሚቴ ሰው፣ ቢርካችን ነጥፏል፣ የቀረን ውሃ የሦስት ቀን ነው ብሎ ላከ። ሂርሲ ወዲያው ተጫነ። ቦቴው ሄደ፣ ኔትወርክ በሌለበት ገደላ ገደል መሀል ተሰበረ። መልእክቱ ከወረፋው ወጥቷልና የሚጮህ ነገር አልነበረም። ሾፌሩንም መልእክቱንም ያስታወሰ ሰው የለም።

በስድስተኛው ቀን ዳሂር በጭነት መኪና ተሳፍሮ ቢሮው ድረስ መጣ። አልጮኸም። ስልኩን አውጥቶ ለቀለምወርቅ አሳያት። ቁልፉ ሲጫን ፕሮግራሟ በራሱ የሚልከው መልስ ነበር፦ «ጥያቄዎ ተፈጽሟል። እናመሰግናለን።» መልሱ የደረሰው ቀን የቀበሌው ሰው የሁለት ቀን መንገድ ወዳለው የጉድጓድ ውሃ ሊሄድ አህያ እየጫነ ነበር አላት። ዳሂር፣ ተፈጸመ ካሉ ቦቴው መንገድ ላይ ነው ብሎ ይህን እያሳየ እያንዳንዱን ቤተሰብ አስቆመ። ሠላሳ አንድ ፍየልና ሁለት አህያ አለቀ። በጠና የታመሙ ሕፃናትም ነበሩ።

«ዝም ብትሉን ኖሮ በጊዜው እንሄድ ነበር» አላት በሶማልኛ።

ሌላ ቦቴ በዚያው ሰዓት ተላከ። ቀለምወርቅ ደግሞ ስምሪት ክፍል ገብታ ያጠራቀመችውን ሁሉ ሂርሲ ላይ አወረደችው። እሱ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«ሳልጫን ለሰውየው መልስ አይሄድለትም» አላት። «ሰው ከደምበል ድረስ ችግሩን ነግሮኝ ዝም ልበለው?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ጋሼ?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? ስትቆጪ ነው የማውቀው።»

ቀለምወርቅ ተወልዳ ያደገችው ጅጅጋ ነው። ሱማሌ ወሬ ሲነግርህ በየዐረፍተ ነገሩ «ሀዬ»፣ እየሰማሁህ ነው፣ እንደምትለው፣ ዝም ካልከው እንደናቅከው እንደሚቆጥር በልጅነቷ ታውቃለች፤ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩት ሽማግሌ አያቷ እንኳ «ሀዬ» ሳይሉ ወሬ አይሰሙም ነበር። ይህን ሁሉ እያወቀች ሰሚው መልስ የሚሰጥበትን ቁልፍና ሥራው ያለቀበትን ቁልፍ አንድ አድርጋ ሠራችው። ሁለት ወር ሙሉ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ስታደርግ ነው የከረመችው። በራሷ ተናደደች፣ ይህኛው ንዴት ደግሞ የሚወርድበት ሰው አልነበረውም።

በሦስት ቀን ውስጥ ፕሮግራሙን ፈታ ሠራችው። አሁን መልእክት እንደገባ ላኪው ወዲያው «ሀዬ፣ ሰምተናል። ቦቴው ገና አልተነሳም» የሚል መልስ ያገኛል፣ ሲነሳም ይነገረዋል። «ውሃው ደርሷል» የሚለውን ከሂርሲ ወስዳ ለጠያቂው ሰጠችው። ዳሂርም ሆነ ሌላው፣ ውሃው ቢርካው ውስጥ ሲገለበጥ በስልኩ አንድ ቁጥር ይልካል፣ መልእክቱም ያኔ ብቻ ከወረፋው ይወጣል። ሂርሲ አሠራሩን አይቶ ወደደው።

ከወር በኋላ የዳሂር ቀበሌ እንደገና ላከ። መልሱ ሄደለት፣ ቦቴው ተነሳ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሾፌሩ ራሱ ደውሎ ውሃውን እንደገለበጠ ተናገረ። መልእክቱ ግን በየግማሽ ሰዓቱ እየጮኸ ተመለሰ። ቀትር ሆነ፣ ይጮኻል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ይጮኻል። ሂርሲ ጆሮውን ይዞ አያት። አንድ ቁጥር መላክ ምን ያህል ከባድ ቢሆን ነው ብላ እየተነጫነጨች ደወለችለት።

ዳሂር ስልኩን አነሳ። ውሃው መድረስ አለመድረሱን ጠየቀችው።

«ደርሷል። ቢርካው እስከ ግማሽ ሞልቷል።»

«ታዲያ ለምን አልላክህልንም ወላል፣ ወንድሜ?»

«ቦቴው እየመጣ ነው ብዬ መልሳችሁን አሳየኋቸው» አለ። «ያንጊዜም አሳይተኸን ነበር አሉኝ። አህያቸውን ጭነው ትናንት ሄዱ። ቢርካው ጋ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለማን ደረሰ ብዬ ልላክልሽ?»

ቀለምወርቅ «ሀዬ» አለችው። ስልኩን ስትዘጋ መልእክቱ ጮኸ። ሂርሲ እጁን ወደ ድምፅ ማጥፊያው ሰደደ፣ እሷ ግን ተወው፣ ሰው ጋ ገና አልደረሰም አለችው።