ያለ ቀለበት ዐሥር ቀን

በኮኪምቦ ከተማ በአንድ የጥናት ክሊኒክ፣ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ የሚቀመጡት ሁለት ሴቶች ሰማይና ምድር ነበሩ። አዋላጇ ዶኛ ኦርቴንሲያ እንደ መቃ ቀጥ ያሉ፣ ሳቅን እንደ ጨው የሚቆጥቡ፣ ከሰው ቃል ይልቅ የደም ቁጥር የሚያምኑ ናቸው። የጥናቱ ተሳታፊ ያስና ደግሞ አጭር፣ ድምቡሽቡሽ፣ መርፌ ሲወጋት እንኳ ቀልድ የማያልቅባት ናት። ጊዜን የምትቆጥረው ባሏን ወደ መዳብ ማዕድኑ በሚያወጣውና በሚያወርደው አውቶቡስ ነው፤ ኒባልዶ ሃያ ቀን ተራራ ላይ፣ ዐሥር ቀን ቤት።

ጥናቱ ሴቲቱ ራሷ በብልቷ ውስጥ የምታኖረው የወሊድ መከላከያ ቀለበት እንቁላሏን ማስተኛት አለማስተኛቱን በደሟ ሆርሞን ይለካል። ቀለበቱ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ሰባት ቀን ያርፋል፤ በስምንተኛው ይመለሳል። ያስና ግን የኒባልዶ አውቶቡስ በሚደርስበት ምሽት አውጥታ በቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ትደብቀዋለች፤ የምትመልሰው እሱ ሲሄድ ነው። ባልና አማት ከሦስት ሴት ልጆች በኋላ ወንድ ይጠብቃሉ። እሷ የምትጠብቀው ሥራ የምትጀምርበትን መጋቢትን ነው፤ ማዕድኑ ግዙፍ የጭነት መኪና እንዲነዱ ከመረጣቸው ዐሥራ ሁለት ሴቶች አንዷ ናት። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ተራራው ክልክል ነው።

አውቶቡሱ ከሄደ በሦስተኛው ቀን ዶኛ ኦርቴንሲያ ወረቀቱን ደጋግመው አዩት።

«ያስና፣ የፕሮጄስትሮን ሆርሞንሽ ከፍ ብሏል።»

«እኔ አጠርኩ እንጂ እሱስ ይደግ!»

«ቀልዱን ተዪው። ከሦስት በታች መሆን ሲገባው ዐሥራ አንድ ገብቷል። እንቁላል ወጥቷል ማለት ነው። ቀለበቱን ስንት ቀን አወጣሽው?»

ያስና ጣቶቿን አየች። «ዐሥር።»

«ቅጹ ላይ ሰባት ብለሽ ጽፈሻል!»

«እንዳይቆጡኝ ነዋ! ሦስት ቀን ምን ያመጣል? መድኃኒቱ ከደሜ ተሟጦ አያልቅ ብዬ… ኒባልዶ ቢነካው ደግሞ ቤቱን ይገለብጠዋል።»

«ዝናብ ሲመጣ ጥላዋን የምታጥፍ ሴት አንቺን አየሁ» አሉ አዋላጇ።

«ግን ላይፀነስም ይችላል፣ አይደል ዶኛ?»

«ላይፀነስም ይችላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነይ።»

ያስና በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ፣ ከባድ ዕቃ ስታነሳ ሰነበተች፤ የወር አበባዋን እንደ ዘገየ እንግዳ ከበር ቆማ ጠበቀችው። አልመጣም። ዶኛ ኦርቴንሲያ ውጤቱን ባዩ ጊዜ ቁጥር አልጠሩም፤ ወረቀቱን ገልብጠው እጇን ያዙ። ያን ጊዜ ነው ያስና ነገሩ ያበቃለት መሆኑን ያወቀችው።

ኒባልዶ በወረደ በመጀመሪያው እሑድ ቤተሰቡ ለምሳ ተሰበሰበ። በበቆሎ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለው የበቆሎ ሊጥ፣ ኡሚታው፣ ሲተን፣ የያስና ሳህን እንደሞላ ቀረ።

«ምነው አትበይም?» አሉ አማቷ ዶኛ ኡቤርሊንዳ። «የኔ ኡሚታ ለሾፌር አይመጥንም?»

«ተያት እማዬ» አለ ኒባልዶ እየሳቀ። «ሦስት መቶ ቶን ልትሸከም ነው፤ ቅጠል ምን ያደርግላታል!»

ትልቋ ልጅ ቢጫ መኪና የሣለችበትን ወረቀት ወደ እናቷ ገፋች። በመኪናው መስኮት፣ ከጎማው ያነሰች፣ ድምቡሽቡሽ ሴት እጇን ታውለበልባለች። ያስና ሥዕሉን አጥፋ ከሳህኑ ሥር አኖረችው።

«ወደ ማዕድኑ አልወጣም» አለች። «ቦታዬን ለሌላ ሴት እንዲሰጡ ትናንት ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። አርግዣለሁ።»