ኮሪደር ላይ የወጣው ቴሌቪዥን

አባቴ ቴሌቪዥኑንና የጌም ማጫወቻውን ኮሪደር ድረስ አውጥቶ ከዋይፋዩ ሥር ተቀምጧል። ማጫወቻው ከኢንተርኔቱ አልገናኝ ካለው ሦስተኛ ቀኑ ነው። አጎቴ ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ ስልክ አያነሳም፤ ከአባቴ ጋር የሚያወራው በኢንተርኔት ኳስ ሲጫወቱ ብቻ ነው።

«ይሄኔ አጎትሽ ፈርቶ ሸሸ እያለኝ ነው» አለኝ አባቴ። «ማጫወቻውን ሳጸዳ የሆነ ነገር ነክቼ ይሆናል። እጄ መች ያርፋል።»

ለሥራ በቪዲዮ ስፈተን መስመሩ እንዳይቆራረጥብኝ ማጫወቻውን ከዋይፋዩ ያገድኩት እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ረሳሁት። በስልኬ እገዳውን ሳነሳ ወዲያው ተገናኘ።

«እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ።»

«አባዬ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። የአጎቴ የደከመ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ መጣ።

«አንተ ፈሪ፣ የት ጠፋህ?»

«ሳጸዳው እኔው አበላሽቼው ነው» አለው አባቴ።