የድሬሰሩ ሰዓት

ቶይባ የሟች አባቷን ሰዓት እንዳጸዳላት ሰጥታኝ በሄደች በሦስተኛው ቀን፣ ጋሽ ደምሴ ባትሪ ሊያስቀይሩ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ሱቄ ገቡ። ቁስል ሲያክሙና መርፌ ሲወጉ ኖረው ጡረታ የወጡ የወልድያ ድሬሰር ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሰዓት ሲያዩ ደርቀው ቀሩ።

«ይሄ የኔ ነው።»

እንዲህ ያለ ሰዓት በየቦታው አይገኝም። ለሐኪሞች ተብሎ የተሠራ አሮጌ የስዊዝ ሥራ ነው። ቁልፉን ተጭኖ የበሽተኛን ትርታ መቁጠር፣ የተወሰነው ቁጥር ላይ ሲደርሱ እንደገና ተጭኖ ማቆም ነው፤ ቀጭኑ ቆጣሪ የቆመበት ቦታ ልብ በደቂቃ ስንት እንደምትመታ ያሳያል።

«በጦርነቱ ጊዜ ከቤቴ ዘረፉኝ። ከማን ገዛኸው?»

«አልገዛሁም ጋሼ። የኡበይደላ ነው፣ የውርጌሳው ድሬሰር። ያመጣችው ልጃቸው ቶይባ ናት።»

«ታዲያ ኡበይደላ ከሌባ ገዝቶታላ!»

ለቶይባ ደወልኩ። እስክትመጣ ድረስ ሁለቱንም በልቤ ጠረጠርኩ። ሽማግሌው ብርቅ ነገር አይተው ጎምጅተው ይሆን? ኡበይደላስ ይህን ሰዓት ከየት አመጡት? በሕይወት ሳሉ አውቃቸው ነበር፤ እጃቸው ላይ ማየቴን ግን ማስታወስ አቃተኝ።

ቶይባ እያለከለከች ገባች። «ወላሂ ከልጅነቴ ጀምሮ እጁ ላይ ነበር! አባቴ በሞተ በዓመቱ የዘረፋ ዕቃ ገዛ ሊባል ነው?»

«ፎቶ አለሽ?»

ስልኳን ሰጠችኝ። ኡበይደላ ነጭ ጋዎን ለብሰዋል፤ እጅጌው እስከ መዳፋቸው ወርዶ አንጓቸውን ሸፍኗል። ጋሽ ደምሴ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው አልጣመኝም፤ ፎቶውም አልጣመኝም።

«እንግዲያው በየተራ የኔን ትርታ ለኩበት» አልኩ፤ ሰዓቱን በእውነት የሚያውቀው አጠቃቀሙን አይስትም ብዬ።

ጋሽ ደምሴ ቀደሙ። ሁለቱ ጣቶቻቸው ቦታውን ሳይፈልጉ ደም ሥሬ ላይ አረፉ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆጠሩ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ አነበቡ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«አርባ።»

«ሚስባህ ሞቷላ! ከፈን ይምጣ?» አለች ቶይባ ወደ እኔ እያየች።

እንደገና ለኩ። እንደገና አርባ።

ቶይባ ሰዓቱን ተቀበለቻቸው። ጣቷ ደም ሥሬን ለማግኘት ጊዜ ፈጀባት። «ሰማንያ ሁለት።»

«ስንት ቆጠርሽ?» አልኳት።

«አሥራ አምስት። አባቴ እንደዚያ ነው ያስተማረኝ።»

«ሠላሳ ነው እንጂ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ደምሴ። «ዕድሜ ልኬን ሠላሳ ነው የቆጠርኩት!»

ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ የሰዓቱን ፊት መረመርኩ። ከታች በኩል፣ ደብዝዞ፣ «15» የሚል አለ። ሠላሳ የሚያስቆጥሩም፣ አሥራ አምስት የሚያስቆጥሩም ይሠሩ እንደነበር፣ አሥራ አምስት በሚያስቆጥረው ላይ ሠላሳ ከቆጠሩ ቁጥሩ በግማሽ እንደሚያንስ ነገርኳቸው፤ ሰዓቱንና ማጉያውንም ሰጠኋቸው። ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አነበቡ።

«የኔ ሠላሳ የሚል ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «መልኩ ቁርጥ ይሄው ነው። ልጄ፣ አባትሽን በከንቱ አማሁት።»

ቶይባ ሰዓቱን ከእጃቸው ወስዳ በሻርፗ ጫፍ ቋጠረችው። እሳቸው ባትሪውንም ረስተው ወጡ፤ ከደጃፉ ዞር ብለው ግን፣ «ሠላሳ የሚል ከመጣልህ…» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሰዓት ይዞ የሚገባ ሰው ሲመጣ፣ ሰላምታውን ሳልጨርስ ማጉያዬን አነሳለሁ። መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ያመጣውን ሰው ዓይን አያለሁ።