የሐሙስ ቅቤ

እናቴ ሐዲጃ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በየቀኑ ቅቤ ትሸጣለች። በእሷ እምነት ቅቤ የማያድነው በሽታ የለም፤ ካለም ቅቤው ንጹሕ አልነበረም ማለት ነው። ራስ ምታት ቢሉት፣ እንቅልፍ ማጣት ቢሉት፣ የአለቃ ቁጣ ቢሉት መድኃኒቱ አናት ላይ የሚደረግ ለጋ ቅቤ ነው። ግንባሬ ላይ ብጉር ሲወጣ ምን እንዳዘዘችልኝ እንግዲህ ገምቱት።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ስትቀባኝ ኖራለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የሰው እጅ ሳታይ ነው ያሳደገችኝ። ጠዋት ሳይነጋ ትወጣለች፣ ስትመለስ ይደክማታል፣ ሲደክማት ደግሞ ትቆጣለች። ሐሙስ ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። ከእንጨት በተሠራችው አጭር ዱካዋ ላይ ተቀምጣ እኔን በጉልበቶቿ መሐል ታስቀምጠኝና ጸጉሬን እየከፈለች ቅቤውን በጣቶቿ ታሸዋለች። ያን ጊዜ ነው ስለ አባቴ የምታወራኝ። ፊት ለፊት ተያይተን የማናወራውን ሁሉ የተጫወትነው እሷ አናቴን፣ እኔ ግድግዳውን እያየን ነው። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ባንክ ተቀጥሬ እንኳ ሐሙስን እንደ ሕፃን እጠብቅ ነበር።

ብጉሩ ራሱ ያን ያህል አላስጨነቀኝም፤ ያሳበደኝ ትቶት የሚሄደው ነገር ነው። አንዱ ወጥቶ ይድናል፣ ቦታው ላይ ከቆዳዬ የጠቆረ ምልክት ይቀራል፣ እሱ ሳይጠፋ ሌላው ይተካል። ባንኩ መስኮት ላይ ስቀመጥ የጎንደር ሰው በሙሉ ሐኪም ሆነብኝ። ብር ሊያወጣ የመጣው ሁሉ ሎሚ አድርጊበት፣ እሬት ቀቢው ይለኛል። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ፊት የሚያቀላ ክሬም ሰጠችኝና እኔ ጅሏ ተቀባሁት። መጀመሪያ ፊቴ ወገግ አለ። ቆይቶ ይለበልበኝ ጀመር፤ ሳቆመው ብጉሩ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ መጣ፣ ምልክቶቹም ከበፊቱ ባሱ። ተደብቄ ማልቀስ ስጀምር ነው ሐኪም ዘንድ የሄድኩት።

ዶክተር ወንጌላዊት ገና ሂጃቤን ወደ ኋላ ሸሸት ሳደርገው ሳቀች።

«ቅቤ ትቀቢያለሽ?»

«የቅቤ ነጋዴ ልጅ ነኝ።»

መስታወት ሰጠችኝ። ብጉሩ የተሰለፈው ሂጃቤ ግንባሬን በሚነካበት መስመር ላይ ነበር፤ ከዚያ በታች ጉንጬ ንጹሕ ነው። ቅቤው እየቀለጠ ይወርዳል፣ ሂጃቡ ይጠጣውና ሳምንቱን ሙሉ ግንባሬ ላይ ለጥፎ ያቆየዋል።

«ምልክቶቹ አያስፈሩሽ፣ ጠባሳ አይደሉም» አለችኝ። «እንደኛ ዓይነቱ ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ያበዛል። ካልነካካሽው፣ ጸሐይም ካልመታው ቀስ ብሎ ይለቃል። ወራት ይፈጃል፣ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ያንን የሚያቀላ ነገር ግን እንዳትደግሚው። ቅቤውም ይቅር።»

ማታ የምቀባው መድኃኒትና ቀን ቀን የጸሐይ መከላከያ ቅባት ይዤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ቅቤ ይቅር ማለት ሐሙስ ይቅር ማለት ነው። ደግሞስ ቅቤ ሸጣ ያሳደገችኝን ሴት ቅቤሽ ፊቴን አበላሸው ብዬ በየትኛው አፌ ልንገራት?

አልነገርኳትም። በመጀመሪያው ሐሙስ ራሴን አመመኝ አልኩ፤ ይህ ደግሞ ጨርሶ ቅቤ የሚያስጨምር ሰበብ ስለነበር መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ አለብኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አየለች ከደባርቅ መጣች። አየለች የእናቴ የቆየች ደንበኛ ናት፤ ቅቤውን የምታመጣላት እሷ ነች።

«ላንቺ ብዬ ለብቻ የናጥሁት ነው» ብላ ቅሉን ከፈተችልኝ። «ሸጋ ቅቤ ነው፣ እስቲ አሽትቺው።»

«ዛሬ ይቅርብኝ» አልኩ።

«ምነው ልጄ?»

እናቴ የጸሐይ መከላከያው ያነጣውን ፊቴን አየችው፤ ቅባቱ ጠይም ፊት ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ያስመስላል። ቅሉን ከአየለች እጅ ተቀብላ ከደነችው።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ከገበያ አምሽታ መግባት ጀመረች። አንድ ቀን ቀድሜያት ገብቼ ስጠብቃት ግቢ ውስጥ የውኃ ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ እጇን በልብስ ሳሙና እየፈተገች ነው። የገበያ ቀሚሷን አውልቃ ውጭ ገመድ ላይ ሰቅላዋለች።

«እማ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሽታው ተከትሎኝ እንዳይገባ ነዋ። የባንክ ሰው ቤት አይደል የምገባው?» ቀና አላለችም። «የለበስሽውን ሁሉ የገዛልሽ ግን ይኸው ሽታ ነው።»

ለካ እሷን እንዳላስከፋ ብዬ የዋሸሁት ሁሉ እሷ ዘንድ የደረሰው ንቀት ሆኖ ነው። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሐኪሟን፣ ክሬሙን፣ ሂጃቡን።

ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እሳት ጎረሰች።

«ቅቤ? የኔ ቅቤ? ማን ናት ያቺ ሐኪም?»

በማግስቱ የአየለችን ቅል ታቅፋ ክሊኒኩ ገባች። እኔ በሐፍረት ከኋላዋ ነኝ። ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «አሽትቺው!» አለች። ዶክተር ወንጌላዊት ሳትስቅ አሸተተች።

«ጥሩ ቅቤ ነው እናቴ። ለወጥ ቢሆን ከእርስዎ እገዛ ነበር።»

«ታዲያ ምን በደለ?»

«ምንም አልበደለም። የሂጃቧን ጠርዝ ግን እስቲ ይዩት።»

እናቴ ዞር ብላ ጠርዙን ያዘችው። ገበያ ላይ ቅቤ እንደምትፈትነው በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አሸችው፤ ቀጥላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ስንቴ ያጠብኩት ሂጃብ ነው። እናቴ ደግሞ በገበያው ሁሉ መሐል የራሷን ቅቤ አሽትታ ትለያለች። ጠርዙን ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ ቅሏን አነሣች፣ ከኔ ቀድማ ወጥታ ወደ ቤት ሄደች።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እጇ ታጥቧል፤ ማበጠሪያ ይዛለች።

«ነይ።»

«እማ፣ ቅቤ እኮ...»

«ቅቤ አለኝ አልኩሽ? ተቀመጪ።»

በጉልበቶቿ መሐል ተቀመጥኩ። ደረቁን ጸጉሬን እየከፈለች ትጎነጉነው ጀመር፤ ያማል፣ ግን አንገቴን አቅንቼ ተቀመጥኩላት። አባቴ በጫጉላቸው ሰሞን ሻይ ሊያፈላላት ብሎ ማንቆርቆሪያውን እንዴት እንዳሳረረው ነገረችኝ። ብዙ ጊዜ የሰማሁት ቢሆንም አዲስ ነገር እንደሰማ ሰው ሳቅኩ። መሐል ላይ አቆመች።

«ዙሪ።»

ዞርኩ። ሐሙስ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። ግንባሬ ላይ ካሉት ምልክቶች አንዱን በጣቷ ነካችው።

«ይኼ የኔ ነው?»

አይደለም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግቢው ውስጥ የተሰቀለው ቀሚሷ ትዝ አለኝ።

«አዎ እማ።»

«ይኼስ?»

«እሱም።»

«ይኼኛው?»

«እሱ የክሬሙ ነው። የራሴ ጥፋት ነው።»

ፈገግ ልትል ፈልጋ ተወችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል አለች?»

«ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

«ይሁን። የኔ ከሆነማ እስኪጠፋ ሐሙስ ሐሙስ እያየሁ እጠብቀዋለሁ» አለችና ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ። «በይ ዙሪ፤ ጸጉርሽን አልጨረስኩም።»