የጥድ በር ተረኛ

ጥድ በር ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ወደ ዋናው መንገድ የምታስወጣት አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነች። በዚያ ዓመት የከብት ሌባ ስለበዛ መንደርተኛው መተላለፊያዋ ላይ ግንድ አጋድሞ ኬላ ሠራ። ፀሐይ ስትጠልቅ ኬላው ይዘጋል፤ እስኪነጋ ሰውም ከብትም አያልፍም፤ አባወራዎች በየተራ ይጠብቃሉ። ሐሳቡን ያመጣው እንዳለው ነበር። እንዳለው ብርቱ ገበሬ ነው፤ ቃሉን አያጥፍም፣ ሲቆጣም ድምፁን ዝቅ እንጂ ከፍ አያደርግም።

ሕጉ የጸደቀው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነው። “የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ” ከመባሉ በፊት ባንቻየሁ ለመናገር እጇን አወጣች። ባንቻየሁ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን ለእኩል አራሽ እየሰጠች ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት።

“እታለም፣ እጅሽን አውርጂ” አላት እንዳለው። “ተራ ያልወጣ ድምፅ የለውም ብለናል።”

“ተራ ስጡኝ ብል ማን ሰጠኝ?”

ወንዶቹ ሳቁ። አንዱ ከኋላ፣ “ሌባ ሲመጣ በምን ልትመልሺው ነው?” አላት።

“እናንተስ በምን ትመልሱታላችሁ? ሌባ የሚፈራው ሰው መንቃቱን ነው። መጮኽ እኔም አያቅተኝም።”

ስብሰባውን የሚመሩት ቄስ ሀብተ ሚካኤል ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። “ሌባው ቤቷን ሲሰብር የሴት ነው ብሎ አይተወውም” አሉ። “አደጋው የጋራ ከሆነ ምክሩም የጋራ ቢሆን ምን ይለናል?”

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ለሙከራ ያህል የምሽቱን ተራ ሰጧት። ኬላው ሲዘጋ ጀምራ፣ ወንዶቹ ራት በልተው እስኪመጡ ትጠብቃለች። በደንብ ከጠበቀች ድምፅ ይኖራታል። እንዳለው አልተስማማም፤ ግን ሰው ከወሰነ ብሎ ፊሽካውን ራሱ ሰጣት።

ግንቦት ሊወጣ ሲል፣ ጉም መንደሩን በሸፈነበት አንድ ምሽት፣ ባንቻየሁ ግንዱን አጋድማ ገና መቀመጧ ነበር። ከላይ በኩል የበቅሎ ኮቴ ሰማች። አንድ ሰው በቅሎ እየሳበ ከጉሙ ወጣ። በቅሎዋ ላይ አንዲት ሴት በጋቢ ተጠቅልላ አንገቷን ደፍታለች።

“ደምለው እባላለሁ፤ ከአምቢኮ ነኝ” አለ ሰውየው ትንፋሹ እየተቆራረጠ። “ባለቤቴ ምጥ ይዟት ልጁ አልወርድ አለ። መኪና ከመንገድ ተበላሽቶብን ነው በአቋራጭ በበቅሎ የመጣነው። ደባርቅ ሆስፒታል ካላደረስኳት አይነጋላትም።”

ባንቻየሁ ሴትዮዋን ጠጋ ብላ አየቻት። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ስሟን ስትጠይቃት “ስጦታ” አለች፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። ባንቻየሁ ወደ እንዳለው ለመደወል ሞከረች፤ ኔትወርክ የለም። ቤቱ ደርሶ ለመመለስ ደግሞ ዳገቱ ረጅም ነው። ግንዱን ገፋችው።

ደምለው ግን መውረድ አልሆነለትም። ድንጋዩ በጉሙ ርሶ ያንሸራትታል፤ በቅሎዋን ሲስብ ሚስቱ ወደ ጎን ታዘነብላለች፤ ሚስቱን ሲደግፍ በቅሎዋ ትቆማለች። ባንቻየሁ ትንሽ አየችው። ከዚያ ግንዱን መልሳ አጋደመች፤ በጥድፊያው ፊሽካዋን መንፋት ትዝ ሳይላት ስጦታን በወገቧ በኩል ደግፋ አብራቸው ቁልቁል ወረደች። ስጦታ ምጥ ሲመጣባት የባንቻየሁን ትከሻ በጥርሷ ትነክስ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ደርሰው ብዙ ሳይቆሙ ድንች የጫነ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ሴትዮዋን አይቶ ወዲያው ረዳቱን ከጋቢናው አስወረደ።

ባንቻየሁ እየሮጠች ተመለሰች። ግንዱ ወደ ጎን ተጥሏል። ጭቃው ላይ የበሬ ኮቴ አለ፤ አጠገቡ የሁለት ሰዎች እግር። ፊሽካዋን ነፋች፣ ጮኸች፣ ሰው ወጣ፤ ጉሙ ውስጥ ግን ምንም አልተገኘም። የጠፋው የእንዳለው በሬ ነበር። ሌላ ሰው ሳይነግረው ራሷ ቤቱ ሄዳ ነገረችው። ሰምቷት ሲያበቃ፣ “ቤትሽ ግቢ፣ ልጆችሽ ብቻቸውን ናቸው” አላት በዝቅተኛ ድምፅ፤ በሩንም ዘጋ። ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

እሑድ መንደሩ ተሰበሰበ። ያን ጊዜ ከደምለው መልእክት ደርሶ ነበር፤ ስጦታ ተርፋለች፣ ልጁ አልተረፈም። ከዚያ ክርክሩ ተነሣ።

“እኔ ቀድሞም ብያለሁ፤ ይህ የሴት ሥራ አይደለም” አለ አንዱ።

ባንቻየሁ ቆመች። “ሴት በመሆኔ አይደለም በሬው የጠፋው፤ ብቻዬን በመሆኔ ነው። ሁለት ብንሆን አንዳችን ስንሸኛት አንዳችን እንጠብቅ ነበር። ኬላውን ለመክፈቴ ይቅርታ አልጠይቅም። ባዶውን ትቼው ለመሄዴ ግን አያ እንዳለውን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ቅጣት ካላችሁም እቀበላለሁ።”

ቄስ ሀብተ ሚካኤል ወደ እንዳለው ዞሩ። “የተጎዳኸው አንተ ነህ። ተራው ያንተ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር?”

ሰዎቹ ምን ሊል እንደሚችል የገመቱ መስለው ነበር።

“አልከፍትም ነበር” አለ። “እውነቱን ልንገራችሁ። ሕጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለአንድ ሰው ከከፈትኩ ነገ ለሁሉም እከፍታለሁ ብዬ አልከፍትም ነበር። በሬዬ ዛሬ በረት ውስጥ ይሆን ነበር። ሴትዮዋ ደግሞ መተላለፊያው ላይ ትሞት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የማስበው ይህንኑ ነው። በሬዬ ይቆጨኛል፤ አልዋሽም። ግን ሰውን እንዲህ የሚያደርግ ሕግ ሳወጣ እናንተም እጅ አወጣችሁ፤ አንዳችሁም የታመመ ሲመጣስ አላላችሁም።”

“እኔ ልል ነበር” አለች ባንቻየሁ። “እጅሽን አውርጂ አልከኝ።”

እንዳለው ቀና ብሎ አያት።

ቄሱ ድምፅ ይሰጥ አሉ፤ በእጅ ግን አይሁን አሉ። በእጅ ሲሆን ሰው የጎረቤቱን ፊት እያየ ነው የሚያወጣው። ባቄላና አተር ተከፋፈለ፤ ለሚስማማ ባቄላ፣ ለማይስማማ አተር፤ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ቅል ውስጥ ይጨምራል። በመጀመሪያ የተጠየቀው በሽተኛና ወላድ በማንኛውም ሰዓት ይለፍ፣ ተረኛም ሁለት ሁለት ይሁን የሚል ነበር። ቅሉ ሲገለበጥ አተር ከመካከሉ ፈልጎ ማግኘት አስቸገረ። ቀጥሎ ተራ የወጣች ሴት ሁሉ ድምፅ ይኑራት ተባለ። ይህኛው አስጨነቀ። ሁለቱ ክምር እኩል መስሎ ነበር፤ ቄሱ ደግመው ቆጠሩና ባቄላው በጥቂት እንደበለጠ ተናገሩ። ደስታም ማጉረምረምም ተሰማ። እንዳለው ምን እንደጨመረ ማንም አላወቀም፤ እሱም አልተናገረም።

የበሬውን ነገር ግን ማንም ለድምፅ አላቀረበውም። ድምፅ በሬ አይመልስም።

ሰው ሲበተን ባንቻየሁ እንዳለውን ተከትላ ደረሰችበት። “አንድ በሬ ነው የቀረህ። እኔም ከባሌ የቀረ አንድ በሬ አለኝ። ዘንድሮ መሬቴን ለእኩል አልሰጥም። መቀናጆ እንሁን፤ በሬዎቻችንን አጣምደህ ያንተንም የኔንም እረስ።”

“ሰው ሊስቅብኝ ነው?”

“ምን ያስቃል? አፈር ባል የሞተባትን ከሌላው አይለይም።”

“አስብበታለሁ” ብሎ ሄደ።

ብዙ ቀን አላናገራትም። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲያስፈራራ፣ አንድ ማለዳ በሬውን እየነዳ፣ ቀንበሩን ተሸክሞ ደጇ ላይ ቆመ። የማን መሬት ይቅደም በሚል እዚያው ተከራከሩ። እሷ የተጎዳኸው አንተ ነህና ያንተ ይቅደም አለች፤ እሱ ያንቺ ተዳፋት ስለሆነ ጎርፍ ሳይቀድመው መታረስ አለበት አለ። በመጨረሻ የእሷን አስቀደሙ። ሁለቱ በሬዎች ስለማይተዋወቁ የመጀመሪያው ትልም ጠማማ ወጣ፤ እንዳለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሬዎቹን ተቆጣ። ገብሱ በሁለቱም ማሳ ዘግይቶም ቢሆን ተዘራ።

ከዚያ ወዲህ ሴቶች በጥድ በር ስብሰባ ይቀመጣሉ፤ ጥንድ ጥንድ እየሆኑም ተራ ይወጣሉ። የሚያከራክረውም በዛ። ውሻ ቀን ይታሰር ወይስ ይፈታ፣ የምንጩ ውኃ መቅጃ ሰዓት፣ እንግዳ ሲመጣ ማን ይጠይቀው። እንዳለውና ባንቻየሁ በአብዛኛው አይስማሙም። እንዳለው፣ ድሮ ስብሰባው ከምሳ በፊት ያልቅ ነበር እያለ ያማርራል፤ ሳያልቅ ተነሥቶ ሲሄድ ግን ያየው የለም።