ወልቂጤ ሰርግ አለ

ዓምደሚካኤል ሊሙ ገነት አጠገብ ባለ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ መካኒክ ነው። ሚስቱ ፍሬሰላም ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ልጆቹ ናዝራዊትና ሚሊዮን ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር፣ ከሟቿ ታላቅ እህት ከእትዬ ሸዋረገጥ ጋር ይኖራሉ። እሱ ጣቢያው ግቢ ውስጥ በተሰጠችው አንዲት ክፍል ብቻውን ያድራል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ማሽኑ ስለማያርፍ ልጆቹን ሳያይ ሳምንታት ያልፋሉ። ሥራው ሲቀዘቅዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ጅማ ይሄዳል። ብርቱካንና ብስኩት ይዞ ይገባል፤ ሳሎን ይቀመጣል፤ “ትምህርት እንዴት ነው?” ይላል። “ደህና ነው” ይሉታል። ከዚያ በኋላ አብረው ቴሌቪዥን ያያሉ።

አንድ ቅዳሜ ሚሊዮን ከውጭ እያለቀሰ ገባ። ወድቆ ጉልበቱ ተልጧል። ዓምደሚካኤል እጁን ዘርግቶ ከሶፋው ብድግ አለ። ልጁ ግን በአጠገቡ አልፎ፣ ማጀት ድረስ ሮጦ፣ የአክስቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። ዓምደሚካኤል እጁን መለሰና ተቀመጠ።

ይህን ለማንም ሊነግር አላሰበም ነበር። ሰኞ ዕለት ግን የጣቢያው የጭነት መኪና ሾፌር ሙርሺድ “ምነው ፊትህ?” ሲለው አወጣው።

“አቦ፣ አንተ እኮ የገዛ ልጆችህ ዘንድ እንደ እንግዳ ነው የምትገባው” አለው ሙርሺድ። “በብርቱካን ይሆናል እንዴ? ሰርፕራይዝ አድርጋቸው! እኔ የኔዎቹን ጅማ መርካቶ ሽንኩርት ልንገዛ ነው ብዬ አስወጥቼ፣ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ነው ያወረድኳቸው። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ያወሩታል።”

ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳየው ጀመር። አንዱ አባት ካርቶን ሲከፈት ፊኛ እንዲወጣ አድርጓል። አንዷ እናት የመናፈሻ መግቢያ ቲኬት ዳቦ ውስጥ ደብቃለች። ልጆቹ ሁሉ ይጮኻሉ፤ ይዘላሉ፤ ወላጆቻቸው አንገት ላይ ይጠመጠማሉ። ዓምደሚካኤል ስልኩን ተቀብሎ ደጋግሞ አየው። የሚያየው ፊኛውን ወይም ቲኬቱን አልነበረም፤ የሚጠመጠሙትን ልጆች ነበር።

የትምህርት ቤት እረፍት ሲደርስ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ቆረጠ። እዚያ ትልቅ የልጆች መጫወቻ መናፈሻ አለ፤ ባቡር አለው፤ እርስ በርስ የሚጋጩ መኪኖች አሉት፤ ሰው ተቀምጦበት ወደ ሰማይ የሚዞር ጎማ አለው። ከሥራ ሲገባ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ እንዴት እንደሚያበስራቸው ያስባል። እንቆቅልሽ ጽፎ ጫማቸው ውስጥ ሊደብቅ አሰበና ተወው። ወረቀት ላይ ያንን ትልቅ ጎማ ሊስል ሞከረ፤ የቡና መፈልፈያው ጎማ መሰለበትና ቀደደው። በመጨረሻ ቀላሉን መረጠ። እናቱ እማማ ወርቅዬ ወልቂጤ አጠገብ ስለሚኖሩ “ወልቂጤ ሰርግ አለ” ሊላቸው፣ አውቶቡሱ ወልቂጤን አልፎ ሲሄድ ግራ ሲጋቡ፣ ያን ጊዜ ሊነግራቸው ወሰነ።

ለእትዬ ሸዋረገጥ ደወለ።

“እንዳይሰሙ፣ እትዬ ሸዋ። ሰርግ አለ ነው የምንላቸው።”

“ሰርግ?” አሉ። “ሌላ ነገር ብትላቸው ምናለበት፣ ዓምዴ?”

“ሰርግ ጥሩ ነው። አዲስ ልብስ ያስለብሳል።”

“እንግዲህ አንተ ካልክ . . .”

የሚጨምሩት ነገር ያላቸው ይመስል ነበር። እሱ ግን ደስ ብሎት ስለነበር “ቶሌ፣ እሺ፣ በቃ ቅዳሜ እመጣለሁ” ብሎ ዘጋው።

ጉዞው ሲደርስ ገና ሳይነጋ ተነሡ። ሚሊዮን አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ግቢውን ይዞረዋል። ናዝራዊት ጥቁር ቀሚስና የትምህርት ቤቱን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ወጣች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ እናቷን መምሰል ጀምሯል።

“ሰርግ ነው እኮ የምንሄደው” አላት። “ያን ቢጫውን አትለብሽም?”

“አልለብስም።”

እትዬ ሸዋረገጥ ልጅቷን አቅፈው ቆዩ፤ ከዚያም ዓምደሚካኤልን አንድ ነገር ሊሉት ዞሩ። እሱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ “ሽሽ!” አላቸውና ጠቀሳቸው። ናዝራዊት ይህን ሁሉ ታያለች።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ሰኮሩ ላይ ለስላሳ ገዛላቸው፤ የሷን ሳትከፍት ጭኗ ላይ ያዘችው። እሱ ሰዓቱን እያየ ለብቻው ፈገግ ይላል። ሚሊዮን ከመዋዕለ ሕፃናት የተማረውን ጭብጨባ ያለበትን የሰርግ ዘፈን ጀመረ። ወደ ጊቤ ወንዝ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ሲጀምሩ ናዝራዊት ድንገት ዞራ ወንድሟን እጁ ላይ መታችው።

“ዝም በል!”

“ናዚ! ምን ሆነሻል?” አለ አባቷ።

ድልድዩን እስኪሻገሩ ውሃውን አየች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችው።

“አባዬ፣ ማነው የሞተው?”

“ምን አልሽ?”

“እማማ ወርቅዬ ናቸው አይደል?”

“ኧረ በሥላሴ! ማንም አልሞተም። ማን ነገረሽ?”

“ማንም አይናገርም እኮ” አለች። “ያን ጊዜም ማንም አልተናገረም።”

ዓምደሚካኤል ምን እንደምትል አልገባውም። ፍሬሰላም ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ልጆቹ አጋሮ ዘመድ ቤት ነበሩ። የሞተች ዕለት ማን እንዳመጣቸው፣ ምን ተብለው እንደመጡ ጠይቆ አያውቅም።

“ጋሼ ልዑልቃል ነው በጠዋት የመጣው” አለች ናዝራዊት። ልዑልቃል የእናቷ ወንድም ነው። “ጅማ ሰርግ አለ፣ ልበሱ አለን። የማን ነው ስንለው ስትደርሱ ታያላችሁ አለ። ሮዙን ቀሚሴን ለበስኩ። በሩ ላይ ስንደርስ ድንኳን ተጥሏል። የሰርግ ድንኳን ነው ብዬ እየሮጥኩ ገባሁ።”

ዓምደሚካኤል ያን ቀን ከወንዶቹ መካከል ተቀምጦ ሳለ ሮዝ ቀሚስ የለበሰች ልጅ እየሳቀች ወደ ድንኳኑ ስትገባ ማየቱ ትዝ አለው። የማን ልጅ ናት ብሎም ነበር። ከዚያ ጩኸቱ ተነሣ፤ የቀረውን አያስታውስም።

“ናዚ፣ ስሚኝ” አለ። ድምፁ ከፍ ስላለ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞር አሉ። “ሰርግ የለም። ዋሽቼ ነው። አዲስ አበባ ነው የምንሄደው። መናፈሻ። መጫወቻ ያለበት፣ ባቡር ያለበት። ላስደስታችሁ ብዬ ነው።”

ሚሊዮን ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። “ባቡር? የምር ባቡር? እውነትህን ነው አባዬ?” ብሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ልክ ቪዲዮው ላይ እንዳሉት ልጆች። ዓምደሚካኤል ግን በልጁ ትከሻ በኩል ናዝራዊትን ነበር የሚያየው።

“ማልልኝ” አለች።

“ሚካኤልን!”

“ጋሼ ልዑልቃልም ምሎ ነበር” አለችና ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

ወልቂጤ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ዓምደሚካኤል ምግብ ቤት ሳይገባ ልጆቹን ጥላ ሥር አቁሞ እናቱ ዘንድ ደወለ። ስልኩ ብዙ ጠራ፤ አልተነሣም። ናዝራዊት ዓይኗን ስልኩ ላይ ተክላ ታየዋለች። ደግሞ ደወለ።

“አቤት! ማነው?” የእማማ ወርቅዬ ድምፅ ጎልቶ ተሰማ። “ዓምዴ? ምነው ልጄ፣ ምን ሆናችሁ? በዚህ ሰዓት የምትደውለው፣ ማን ሞቶ ነው?”

ናዝራዊት ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው። “እማማ፣ እኔ ነኝ!” አለች። ሳቅ ጀመራትና ወደ ልቅሶ ሄደባት። አሮጊቷ በወዲያኛው ጫፍ “ኧረ ምንድነው? ኧረ ንገሩኝ!” እያሉ ይጮኻሉ። ዓምደሚካኤል ማንም እንዳልሞተ፣ ልጆቹ ለሽርሽር እየሄዱ እንደሆነ አስረድቶ እስኪጨርስ አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ። ምሳ ሳይበሉ ሙዝ ገዝተው ተሳፈሩ። ናዝራዊት ሙዙን በላች። አዲስ አበባ እስኪገቡ ድረስም ተኛች፤ ጭንቅላቷ ግን ያረፈው መስኮቱ ላይ ነበር።

በማግስቱ መናፈሻው በሰው ተሞልቶ ነበር። ሚሊዮን አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ጋ ይሮጣል። ባቡሩ ላይ ወጣ፤ ከባቡሩ ወርዶ ወደ መኪኖቹ ሄደ። ናዝራዊት “እኔ ቦርሳውን እይዛለሁ” ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዓምደሚካኤል አይስክሬም ገዝቶ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ ትምህርት ሊጠይቃት አፉን ከፍቶ ተወው።

“ላንተስ ማን ነገረህ?” አለችው።

ስለምን እንደምትጠይቅ ገባው።

“ለኔም አልነገሩኝም። ሙርሺድ በመኪና ሊያደርሰኝ መጣ። ፍሬሰላም ትፈልግሃለች፣ ቶሎ በል አለኝ። ከሊሙ ጅማ ድረስ ሬዲዮ አልከፈተም። ሙርሺድ ያለ ሬዲዮ ነድቶ አያውቅም።”

“ታዲያ አወቅህ?”

“አወቅሁ። ግን ትፈልግሃለች ስላለኝ፣ እስክንደርስ ድረስ ትፈልገኛለች፣ ትፈልገኛለች እያልኩ ነው የሄድኩት።”

ናዝራዊት አይስክሬሙ እጇ ላይ ሲቀልጥ በሹራቧ ጠረገችው። ከፊታቸው አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ያልፋሉ።

ሚሊዮን እያለከለከ መጣ። “ትልቁ ጎማ ላይ ብቻህን አትወጣም አሉኝ!”

ዓምደሚካኤል ፈጥኖ ተነሣ። “ና፣ እኔ አለሁ።”

“ከናዚ ጋር ነው የምፈልገው።”

ናዝራዊት አባቷን አየችው። ከዚያ ቦርሳውን ሰጥታው የወንድሟን እጅ ያዘች። ወንበሩ ውስጥ ገቡ፤ ሠራተኛው በሩን ዘጋው፤ ጎማው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወሰዳቸው። ዓምደሚካኤል በአንድ እጁ ቦርሳውን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ከአጥሩ ሥር ቆመ። ፎቶ ሊያነሣቸው ሲሞክር ፀሐይዋ ዓይኑን ወጋችውና የቱ ወንበር የነሱ እንደሆነ ጠፋበት። ዝም ብሎ እጁን አውለበለበ። ከላይ አንድ የማያውቀው ልጅ መልሶ አውለበለበለት።

ሲወርዱ የናዝራዊት ፀጉር በነፋስ ተበታትኗል።

“እንዴት ነበር?” አላት።

“ደህና ነው” አለች።

ጅማ በተመለሱበት ቀን ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ባጃጁ ጅሬን፣ ከቤቱ በር ላይ ሲያወርዳቸው ልጆቹ ቀድመው ሮጡ። ዓምደሚካኤል ዕቃውን አውርዶ ሲከተላቸው የሳሎኑ መስኮት ተከፍቶ አገኘው። የናዝራዊት ድምፅ ይሰማል። እንዲህ ፈጥና ስታወራ ሰምቷት አያውቅም።

“. . . ጫፍ ላይ ስንደርስ ቆመብን! ሚሊ ፈርቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቀሚሴን ሊቀደው! እኔ ግን ሁሉንም አየሁት፣ እትዬ፣ ከተማው አያልቅም! አባዬ ደግሞ ከታች ቆሞ ለሌላ ሰው እጁን ያውለበልባል! ጠራሁት፣ ጠራሁት፣ የት ይሰማል!”

እትዬ ሸዋረገጥ በሳቅ ፈነዱ። ናዝራዊትም አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያበቃ እንደ ገና ጀመራት። ዓምደሚካኤል እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆመ። ቢገባ ዝም እንደምትል ያውቃል። ዕቃውን መሬት አስቀመጠና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ሆቴሉ ሊፍት፣ ስለ እማማ ወርቅዬ ጩኸት ስታወራ ሰማ። ስትጨርስ አንኳኳ።

“ግባ እንጂ! እራት ቀርቧል” አሉት እትዬ ሸዋረገጥ።

“የመጨረሻው መኪና ያመልጠኛል፤ ነገ ሥራ አለብኝ።”

ሚሊዮንን ሳመው። ናዝራዊት እስከ በሩ ሸኘችው።

“አባዬ፣ ሌላ ጊዜ ለኔ ቀድመህ ንገረኝ። ለሚሊ አልነግረውም።”

“እሺ። ላንቺ እነግርሻለሁ።”

“ሰርፕራይዙን አብረን እናደርገዋለን።”

“እሺ” አለ። ሊስማት ጎንበስ ሲል ጉንጯን ሰጠችው፤ ወዲያው ወደ ቤት ተመለሰች።

በሊሙ ሚኒባስ ውስጥ የኋላው ወንበር ደረሰው። አጠገቡ የቡና ጆንያ ታቅፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁት።

“ልጆቼን አዲስ አበባ መናፈሻ ወስጃቸው ነበር” አለ።

“ጋሪዳ! ጥሩ ነው!” አሉ ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ። “ታዲያ ደስ አላቸው?”

“አዎ” አለ። “ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ።”

ሽማግሌው ጆንያቸውን አስተካክለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሱ እስከ ሊሙ ገነት ድረስ ነቅቶ ሄደ።