የእኔ ክፍል ቀይ ነው

የእኔ ክፍል ቀይ ነበር። የቭራጻ አውራጃ የሳይንስ መምህራን በሙሉ በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ በተዘረጋው ነጭ ሸራ፣ «ዶብሪንካ ቨልቼቫ፣ ፊዚክስ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ከጎኑ እንደ በርበሬ የቀላ ሳጥን አለ።

«ይህ ክፍል» አለ አሠልጣኙ፣ «ተማሪ መምህሩን ሲሰለችና ሲቃወም ምን እንደሚመስል ያሳየናል።»

አሠልጣኙ ሉቦሚር ይባላል። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ከዋና ከተማችን ከሶፊያ የተላከልን ወጣት ነው። ሥልጠናው ተማሪን በኢንተርኔት ትምህርት ላይ ንቁ ስለማድረግ ነው። ይዞልን የመጣው ፕሮግራም የልጆቹን ፊትና ራስ በካሜራ እያየ፣ ተስማምቶ የሚከታተለውን ክፍል አረንጓዴ፣ የሚቃወመውን ቀይ ይቀባል። ባለፉት ወራት የሁላችንንም ትምህርት ሲያይ ከርሟል። ቀይ የወጣ መምህር ከመስከረም ጀምሮ የቀጥታ ትምህርቱን ይነጠቃል፤ ለልጆቹም ሶፊያ የተቀረጸ ቪዲዮ ይከፈትላቸዋል።

የእኔ ልጆች ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው የመንደር ልጆች ናቸው። የግማሾቹ ወላጆች እንጆሪ ለቀማ ስፔን ሄደዋል። አንዳንዶቹን ቀኑን ሙሉ በስማቸው የሚጠራቸው ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ቪዲዮ «ዮአና፣ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አይልም። ሊወስዱብኝ ያሰቡት ይህንን ነው።

ከሁላችንም አረንጓዴ የወጣው ከጎኔ የተቀመጠው የኬሚስትሪው መምህር ነው፤ ባይ ስታመን። «ባይ» የምንለው ሸምግሎ ስለተከበረ ነው፤ ደግሞም እንወደዋለን። ሉቦሚር ድምፁን ዘግቶ የእሱን ክፍል ለአርአያነት አሳየን። ልጆቹ በየሳጥናቸው ሆነው ራሳቸውን ላይና ታች ይነቀንቃሉ።

«ተመልከቱ፣ እንዴት እንደሚስማሙ!»

ባይ ስታመን ከጢሙ ላይ ባኒጻ የምንለውን የአይብ ቂጣ ፍርፋሪ እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ዶብሪ፣ ይሄ እኮ "ገባችሁ ወይ?" ብዬ የጠየቅኳቸው ቀን ነው። ጉድ ነው! አንድም ልጅ አልገባውም ነበር።»

ቀጥሎ የእኔ ተከፈተ። ልጆቹ በየቤታቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ አለቅልቀው፣ ውሃውን ደፍተው ወዲያው ከደኑት። ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱበት ጠርሙሱ ጭርምትምት አለ። ማን ጨመቀው? ዮአና ከወንበሯ ዘልላ «አየሩ! የውጪው አየር!» ብላ የጮኸችበት ቀን ነው። ድምፁ ግን ተዘግቷል። የሚታየው «ገባችሁ?» ስላቸው ሁሉም ፀጉራቸው እስኪበተን ራሳቸውን ግራና ቀኝ ሲወዘውዙ ነው። በእያንዳንዱ ፊት ዙሪያ ቀይ ይበራል።

ያኔ ነገሩ ቁልጭ አለልኝ፤ ደሜም ፈላ። በእኛ በቡልጋሪያ ራስ ግራና ቀኝ ሲወዘወዝ «አዎ» ነው፤ ላይና ታች ሲነቀነቅ «አይ» ነው። የተቀረው ዓለም ገልብጦት ከሆነ የራሱ ጉዳይ። ማሽኑ እስከ ዛሬ «አዎ»ውን «አይ»፣ «አይ»ውን «አዎ» እያለ ሲፈርድብን ከርሟል።

ብድግ አልኩ። «አንተ ልጅ፣ ቡልጋሪያዊ አይደለህም እንዴ? ልጆቹ እኮ አዎ ነው የሚሉት!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሉቦሚር ፊቱ ደም መሰለ፤ ግን እጅ አልሰጠም። «ወይዘሮ ቨልቼቫ፣ ፕሮግራሙ በብዙ አገር ተፈትኗል።»

«እዚህስ?»

ወደ ቀዩ ሸራ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ትልቅ ውለታ እንደሚውልልኝ ሰው ፈገግ ብሎ «ቀላል እኮ ነው» አለኝ። «ውጭ ስሄድ እኔም ተቸግሬ ነበር፤ ግን ለመድኩት። ልጆቹን እንደ ሌላው ዓለም እንዲነቀንቁ ያለማምዷቸው። ወዲያው አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ክፍልዎም አይነካም።»

እሺ ብል ልጆቼ አይወሰዱብኝም። ለአፍታ አመነታሁ፤ አልዋሽም። ግን ዮአና ዐይኔ ላይ ድቅን አለች። ነገሩ በገባት ደቂቃ፣ ከመዝለሏ በፊት፣ ማሽኑ የሚወደው የትኛውን የራስ አነቃነቅ እንደሆነ ቆም ብላ የምታስብ ዮአና።

«አላደርገውም» አልኩት። «የተቀጠርኩት ፊዚክስ ላስተምር ነው። ልጅ "ገባኝ" የሚልበትን ራስ ለማሽን ስል አላርምም። ማሽንህን አርም!»

«ማሽኑ የእኔ አይደለም…»

«የሚወዘወዘው ራስም የአንተ አይደለም! የልጆቹ ነው።»

«እንግዲያው ቀይ ሆነው ይቀራሉ» አለ በብስጭት።

«ቆይ፣ እንፈትነዋ! የሳይንስ መምህራን አይደለን?» ካሜራውን ከፊቱ አንስቼ ወደ አዳራሹ አዞርኩት። «ባልደረቦቼ፣ ከዚህ ሥልጠና አንድ ነገር ተማራችሁ?»

ያ ሁሉ ራስ ላይና ታች ተነቀነቀ። የባይ ስታመንማ አገጩ ደረቱን እስኪመታ ነው። ሸራው በሙሉ አረንጓዴ ሆነና «እጅግ ንቁ ክፍል!» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«እሺ፣ ዶብሪንካ ልጆቿን ታስተምር?»

ራሶች ግራና ቀኝ ተወዘወዙ። ሸራው ከዳር እስከ ዳር ቀላ።

ባይ ስታመን ተነሣ። «እኔም አረንጓዴዬን መልሻለሁ! የእኔ ልጆች ምንም አልገባቸውም። ጎበዝ፣ እውነቱን እንነጋገር ካልን ለእኔም አንዳንዴ አይገባኝም። ከዶብሪ ጋር ቀይ አድርገኝ!»

ሳቁ በረድ ሲል ካሜራውን ወደ ሉቦሚር አዞርኩት። ላብ አጥምቆታል፤ ትንሽ አሳዘነኝ።

«አሁን ገባህ፣ የኔ ልጅ?» አልኩት፣ ልክ ተማሪዎቼን በምጠይቅበት ድምፅ።

ሊከራከረኝ አፉን ከፈተ። ራሱ ግን፣ ከእናቱ ቤት እንደለመደው፣ ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ተወዘወዘ። ሸራው ላይ በፊቱ ዙሪያ ቀይ ሳጥን በራ። ቀና ብሎ አየውና መጨረሻ ላይ እሱም ሳቀ።

ክፍሌን አልነኩትም። ሉቦሚር ሶፊያ ሄዶ እንደተከራከረልኝ ሰምቻለሁ። ፕሮግራሙን ግን አላነሱትም፤ ይስተካከላል ተባለ፣ እስካሁን አልተስተካከለም። በየሳምንቱ ቀይና አረንጓዴ እየቀባን ውጤቱን ይልካል።

መስከረም ላይ ካሜራዬን ስከፍት ቀድማ የገባችው ዮአና ነበረች። ልጆቹ መምህርታቸውን «ጎስፖዦ» ነው የሚሉት።

«ጎስፖዦ፣ ዘንድሮም ቀይ ነን?» አለችኝ።

ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩላት።